የጣፊያ ደም ቧንቧ እብጠት ደሴ ላይ ይታከም

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ የጤና ምክክር፣ የጣፊያ ደም ቅዳ ቧንቧ እብጠት (አኒዩሪዝም፣ የቧንቧው ግድግዳ ሳስቶ እንደ ፊኛ መነፋቱ) እዚሁ ይመረመር፣ እዚሁ ይታከም የሚል ሐሳብ ሲነሣ አንድ ኃላፊ በሽታው ብርቅ እንደሆነ፣ በሥራ ዘመናቸው አንድም እንዳላዩ፣ ከተገኘም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር እንደሚጻፍ ተናግረው ጉዳዩን ዘጉት።

አላየሁም! በምን ሊያዩት? እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ እንደ ዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳይ) አልትራሳውንድ ወይም ሲቲ ስካን ባለ ምርመራ ካልታየ አይገኝም። ነፍሰ ጡሯ ግራ ጎኗን ይዛ፣ ሕመሙ ትከሻዋ ላይ እየወጣ ስትመጣ «አብሽሪ፣ ጨጓራ ነው» ተብላ እንክብል ይዛ ትመለሳለች። ከሞተች አስከሬኗን የሚመረምር የለም፤ ለቅሶ ላይ «ሆዷን አሟት» ይባላል። ኃላፊውም መዝገብ ገልጠው ባዶ ያነባሉ።

በሽታው ሴቶችን ከወንዶች አራት እጥፍ ያህል ያጠቃል፤ ደጋግማ የወለደች ይበልጥ ትጋለጣለች። በእርግዝና ከፈነዳ የሚተርፉት እናቶች ጥቂት፣ ጽንሶቹ ደግሞ ከዚያም ያነሱ ናቸው። በሐይቅና በቦርከና ዙሪያ የምናውቀው ቢልሃርዝያም ጉበትን ሲጎዳ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ቧንቧውንም ይለጥጠዋል። ታዲያ ብርቅነቱ ለማን ነው?

እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ሪፈሩ ነው። ቧንቧው ሲፈነዳ ደሙ አንዳንዴ መጀመሪያ ከጨጓራ ጀርባ ባለች ጠባብ ከረጢት ይታቆራል። የታማሚዋ የደም ግፊት ይመለሳል፤ ዓይኗን ትገልጣለች፤ ውኃ ትጠይቃለች። አስታማሚዎቿ «አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን» ይላሉ። ከዚያ ከረጢቷ ትሞላና ደሙ ወደ ሆድ ዕቃ ይለቀቃል። በመካከሉ ያለችው ፋታ ሕይወቷ ናት። እሷን ነው 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ፣ ጣርማ በር ጉም ውስጥ የምናባክናት! ከላስታ የተነሣችውማ ደሴ መድረሷም ያጠራጥራል።

ቀዶ ሕክምናው ቧንቧውን ከእብጠቱ ወዲህና ወዲያ ማሰር ነው፤ ጣፊያው ከጨጓራ በኩል በሚመጡ ትናንሽ ቧንቧዎች ደም ስለሚያገኝ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። እብጠቱ ቧንቧው ወደ ጣፊያው በሚገባበት አፍ ላይ ከሆነ ጣፊያው ይወጣና የሳምባ ምችና የማጅራት ገትር ክትባት ይሰጣል። በመኪና አደጋ የተቀደደ ጣፊያ የሚያወጣ ሐኪም ይህን እንዴት ያቅተዋል? በቀጭን ቱቦ ገብቶ ቧንቧውን የሚደፍነው መሣሪያ ይቆየን።

ከ3 ሴንቲ ሜትር ያነሰ እብጠት ያለባቸው አረጋዊ በክትትል ሊቆዩ ይችላሉ። ገና የምትወልድ ሴት ግን መጠኑ አይጠበቅላትም። ዶፕለሩን የሚያነብ ባለሙያ ይሠልጥን፣ ፍሪጁ ውስጥ ደም ይቀመጥ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሌሊትም ይከፈት።