ቁልፍ ሳልረከብ የተቆጠረብኝ ግብር

ውጭ አገር ሆነው ቤት የገዙ ሰዎች ቤት ሠርተው ከሚሸጡ አልሚዎች ጋር በንብረት ግብር መካሰሳቸውን የሚያነሳ ጽሑፍ አነበብኩ። እኔም ላይ ደርሷል። የገዛሁት ቤት ርክክብ ሁለት ዓመት ዘገየ። ቁልፍ ልቀበል ስሄድ አንዲት ወረቀት ሰጡኝ፤ የሁለቱም ዓመት ግብር ከነቅጣቱ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እኮ ቤቱ በር እንኳን አልነበረውም!

ጣጣው ያለው ውሉ ላይ ነው። «ማንኛውም ግብር በገዢው ይሸፈናል» ይላል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ግን አይናገርም። አልሚው ውሉ ከተፈረመበት ቀን ይቆጥራል፣ ገዢው ቤቱን ከተረከበበት። ግብር ሰብሳቢው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያየው መዝገቡ ላይ ያለውን ስም ነው። ስሙ እስኪዛወር ማስታወቂያው የሚሄደው ለአልሚው ነው። ባሕር ማዶ ያለነው የምንሰማው ቅጣቱ ከተቆለለ በኋላ ነው። በብዙ ቦታ ደግሞ ዕዳው ካልተከፈለ ስም አይዛወርም፤ ስለዚህ እየተቃጠልንም ቢሆን እንከፍላለን።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ግብሩ ከየትኛው ቀን ጀምሮ የእናንተ እንደሚሆን በግልጽ አስጽፉ። ወኪላችሁም ግብሩንና የሕንፃ አስተዳደር ክፍያውን በአንድ ድምር የያዘ ደረሰኝ አይቀበል፤ የትኛው ስንት እንደሆነ አይለይም። እኔ «ተቃውሞዬ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብዬ ጽፌ ከፍያለሁ፤ አሁን ገንዘቤ እንዲመለስ እየጠየቅኩ ነው።