ኮፈን ሲከፈት

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳር ውርጭ እንኳን ሽታ፣ አፍንጫ ራሱ በቦታው መኖሩ በእጅ ተዳሶ ነው የሚታወቀው። እኔን ከሸተተኝ ነገር አለ ማለት ነው።

አሮጌ ቮልስ አለችኝ። የቤንዚን ታንኳ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ። ቤንዚኑ በወለሉ ሥር በብረት ቱቦ ያልፍና መጨረሻ ላይ በአጭር ጎማ ወደ ፖምፓው፣ ከዚያም ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል። ጎማው ከላይ ጨርቅ ለብሷል። በኪራይ ሱፍ ሠርግ የመጣ ባለዕዳ ይመስላል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና፣ ውስጡ ግን አልቋል። ጠብታው የሚያርፈው ደግሞ የጋለ ሞተር ላይ ነው። ስንት ቮልስ በዚች ስንዝር በማትሞላ ጎማ አመድ ሆኗል! መቀየር የነበረብኝ ዓምና ነው። አልቀየርኩም።

ሥራው ቀላል ነው። የባትሪውን ነጌቲቭ ትፈታለህ፣ አሮጌውን ጎማ አውጥተህ አዲስ የቤንዚን ጎማ ታስገባለህ፣ በፋሸታ፣ ማለትም በብረት ማሰሪያው፣ ታስራለህ። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት። እኔ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብኝ። ጥፋቴ ሽታው ቤት እንዳይገባ ብዬ መኪናዋን ገፍቼ ደጅ ማውጣቴ ነው። እኛ ሰፈር ደጅ ላይ ኮፈን መክፈት ድንኳን እንደ መጣል ነው። ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ሁሉም ይመጣል።

መጀመሪያ የመጡት ጡረተኛው ጎረቤቴ ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ ተከናንበዋል።

«ምን ሆነች?»

«የቤንዚን ጎማዋ እያፈሰሰ ነው ጋሼ።»

«ጎማ አይደለም። ካንዴላ ነው።»

ካንዴላ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩስ ነው እንጂ ቤንዚን አያፈስም። ግን ጋሼን በሰው ፊት ማረም ነውር ነው። «ይሆናል ጋሼ» አልኩ።

ሁለተኛው ሰውዬ ሳሙና ለጥፍበት አለ። እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ሞኝ አይደለም። ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም፤ መንገድ ላይ ታንክ የተበሳበት ሹፌር ሳሙና ደፍኖ ጋራዥ ይደርሳል። ለመድረሻ ነው እንጂ ለመኖሪያ አይደለም። ሦስተኛው የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጠህ ጠምጥም አለ፤ ያ ደግሞ ቤንዚን ሲነካው አብጦ ይልፈሰፈሳል። አራተኛው፣ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ዘመድ ያለው፣ የግሉኮስ ቱቦ አመጣልሃለሁ አለኝ። ትንሽ ቢቆይ ለመኪናዋ አልጋ ያስይዝላት ነበር።

«ፋሸታውን በካቻቢቴ ላላ አድርገህ ጎማውን በፒንሳ ሳበው» አዘዙኝ ጋሼ።

አስቡት እንግዲህ። ጋሼ የአርበኛ ልጅ ናቸው። የጣሊያን ስም ሲነሳ ምራቃቸውን ይተፋሉ። አርበኞቻችን ከመንዝ እስከ ቡልጋ አምስት ዓመት መቀመጫ ነስተውት ወጣ። ሲወጣ ግን የጣርማ በርን የመኪና መንገድ ዋሻና የጋራዥ ቋንቋውን ትቶልን ሄደ። ጋሼ በአንድ ትእዛዝ አራት የጣሊያን ቃል ሲደረድሩ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም።

ከሁሉም ሥራ የያዘው አንድ የባጃጅ ልጅ ብቻ ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ አንገቱን ቆርጦ ጠብታው ሥር ደቀነ። ሰሞኑን ቤንዚን ጠፍቷል።

«ጋሼ፣ እስኪሠራ ልያዘው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ያዘው።»

«ቀስ ብለው ይሥሩ፤ አይቸኩሉ» አለኝ በትሕትና።

ይሄን ጊዜ እትዬ ከማዶ መጡ። ሰው በብርድ ቆሞ አላስችል ብሏቸው ቡና ሊያፈሉ ነው። ጀበና፣ ሲኒ፣ የተቆላ ገብስ። ከኋላቸው ልጃቸው ፍም የሞላ ምድጃ ይዛለች። ከመኪናዋ አምስት እርምጃ ላይ አስቀመጠችው።

ልቤ ቀጥ አለች። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፤ እንደ ድመት መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት ይፈልጋል።

«እትዬ፣ በሞቴ እሳቱን ያርቁልኝ።»

«ምነው ልጄ? ቡናዬን ተጸየፍከው?»

«ኧረ በፍጹም! ቤንዚኑን ፈርቼ ነው።»

«በዚህ ብርድ ቤንዚን አይነሳም» አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን ፍሙ ላይ ዘርግተው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይወጣዋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ለሱ በጋ ነው። ይሄን ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ ቄጤማውን ጎዘጎዙ። ቄጤማ ከተጎዘጎዘ በኋላ ክርክር የለም።

ቡናውን ማራቅ ስላልተቻለ መኪናዋን አራቅኋት። ብቻዬን ገፋሁ። አሥር ሰው ቆሞ አንድም እጁን አላነሳም። አቅጣጫ ግን ሁሉም ሰጠኝ። «ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ!» የባጃጁ ልጅ ብቻ ሃይላንዱን ጠብታው ሥር እንደደቀነ ጎንበስ ብሎ ተከተለኝ፤ አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። መለዋወጫ ቤት ሄጄ ግማሽ ሜትር የቤንዚን ጎማ ገዛሁ። አሮጌውን አውጥቼ ጎንበጥ ሳደርገው እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። አዲሱን አስገባሁ፣ ፋሸታውን ጎማውን እስኪበላ ሳይሆን እስኪይዝ ብቻ አጠበቅኩ። ባትሪውን መልሼ አስነሳኋት። መጋጠሚያውን በሶፍት ዞር ዞር አድርጌ ጠረግኩ። ሶፍቱ ደረቅ ነው።

ጋሼ ሦስተኛውን ቡና ጨርሰው ብቅ አሉ። ሞተሩን አዳመጡ።

«አላልኩህም? ካንዴላ ነው።»

እሑድ ጠዋት በር ተንኳኳ። የባጃጁ ልጅ ነው። በሁለት እጁ ሁለት ሃይላንድ ይዟል። አንገታቸው ተቆርጧል። መኪናዋ ሥር ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ጨርሰው ሠሯት እንዴ?»