ጀርባ የማራገፍ ወግ

ስዊዘርላንድ ዓመታት ብቆይም «ሽቪንገን» የሚሉትን የገበሬ ትግላቸውን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ክብ ሜዳ ላይ ሰጋቱራ ያፈሳሉ። ታጋዮቹ ከሱሪያቸው ላይ ወፍራም የጆንያ ቁምጣ የመሰለ ነገር ያጠልቃሉ። አንዱ የሌላውን ቁምጣ ጨብጦ ይተናነቃል። የኪሎ ምድብ ብሎ ነገር የለም፤ የደረሰህ ግዙፍ ከሆነ ቻለው ነው።

ጀርባው ሰጋቱራ የነካ ተሸነፈ። እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሸናፊው የጣለውን ሰው ያነሳና ጀርባውን በእጁ ያራግፍለታል። ወጉ ነው፣ አይዘለልም።

ትልቁ ውድድር በ3 ዓመት አንዴ ነው። በፈረንጆቹ 2025 ሞሊስ የምትባል መንደር ላይ ሲደረግ ስታዲየሙ ከ56,000 በላይ ሰው ይይዝ ነበር። ሜዳው ውስጥ አንድ የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም። አሸናፊው «ንጉሥ» ይባላል፤ ሽልማቱ ደግሞ ኮርማ ነው። አዎ፣ በሕይወት ያለ ኮርማ። ባንክ የሞላው አገር!

እኔ ያደግኩት ሐዋሳ ነው። ሐይቁ ዳር ትግል ያልገጠመ ልጅ አልነበረም። እግር መጥለፍ ይቻላል አይቻልም የሚለውን ቀድመን እንጨቃጨቅበታለን። ዳኛው ከሁላችን ትልቁ ልጅ ነው፤ ማዳላቱ ደግሞ ያለ ነው። ብብት ስር ቀድሞ የገባ ግማሹን አሸነፈ ማለት ነው።

ጀርባ ማራገፉማ እኛም ጋ ነበር። ግን ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ። እናት ሸሚዝ ላይ አፈር ካየች ጣይም ወዳቂም አለቀላቸው። አንዱ ልጅ ጥሎኝ ሲያበቃ በጥፊ እየደበደበ አራገፈኝ፤ ከመውደቁ ይልቅ ያመመኝ ማራገፉ ነው።

ዛሬ ትግል ከገናና ከገበጣ ጋር በባህል ስፖርት ውድድሮች ላይ አለ። ዜና ላይ የሚደርሰው ግን የእንግሊዝ ኳስ ተወርቶ ሰዓት ከተረፈ ነው።

ባለፈው ስመጣ የእህቴን ልጅ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው «ፍቅር ሐይቅ» ይዤው ሄድኩ። ስልክ ላነሳ ዞር ስል ከማያውቀው ልጅ ጋር ተያይዟል። ወደቀ። ልጁ አነሳውና ቸብ ቸብ አድርጎ አራገፈው። የስዊዞቹን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀደመኝ፦

«ጋሼ፣ ጀርባዬ ላይ የቀረ አለ? እማዬ እንዳታይ።»

ትንሽ ሣር ቀርቶበት ነበር።