ለጅማ ወገኖቼ፦ ልጁን ከመሸኘታችሁ በፊት

ወገኖቼ ሆይ፣ በዚህ ሳምንት በሰፈራችን ለሁለት ልጆች ገንዘብ እየተዋጣ ነው። ታናሹ 16 ዓመቱ ነው፤ ታላቁ 18 ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ሁለቱም ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፤ ሁለቱንም ሜዳ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ የታናሹ ግራ እግር በእውነት የሚያስደንቅ ነው። «ወደ ውጭ የሚወስዳቸው ሰው ተገኝቷል» ስለተባለ ከዕድር ብድር ተጠይቋል፤ የአንደኛው አባት ገና ከዛፉ ያልተለቀመ ቡናውን ለነጋዴ ሸጦ ቀብድ ተቀብሏል፤ የሌላኛው እናት አንገቷ ላይ የነበረውን ወርቅ አውልቃለች። ይህን የምጽፍላችሁ ማንንም ለማሳዘን ብዬ አይደለም። ባለፈው ጊዜ፣ ሁላችንም በምናውቀው ልጅ ጉዳይ፣ መናገር ሲገባኝ ከእናንተ ጋር አጨብጭቤያለሁ፤ ሁለተኛ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ኳስ ሊጫወት ተብሎ ሄዶ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከኢስታንቡል የተመለሰውን የጎረቤቴን ልጅ ታስታውሱታላችሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ስሙ በየቤቱ ከሚገባው በላይ ተነስቷል። ሲሄድ በግ ታርዶለት፣ ሽማግሌ መርቆት፣ ባጃጆች ጥሩምባ እያሰሙ እስከ መናኸሪያ አድርሰውታል። ሲመለስ በሌሊት ገባ። በማግስቱ ወሬው ሲሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ቤቱ ጎረፈ፤ አመጣጣችን ግን የለቅሶ አመጣጥ ነበር፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የገቡ ሴቶች እንደነበሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እናቱ ቡና አፍልታ ቁጭ ብላለች፤ እኛ «አይዞሽ፣ ዋናው ጤና ነው» እያልን እናጽናናታለን፤ ልጇ ደግሞ በሕይወት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ ይሰማናል። በሩ ሥር በፌስታል የታሰረ ታኬታ ነበር፤ ሶሉ ከመበላቱ የተነሳ እንደ ተራ ነጠላ ጫማ ለስልሷል። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ይህ ልጅ በቀን ከቤት አልወጣም። ሊነጋጋ ሲል እስከ አዌቱ ድልድይ ሮጦ፣ ሰው ሳይነሳ ይመለስ ነበር።

የሆነውን የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። የተያዘለት ቪዛ የቱሪስት ቪዛ ነበር። የክለብ ሙከራ የተባለው ደግሞ ከከተማው ዳር ባለ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ እንደ እሱ ገንዘብ ከፍለው የመጡ አፍሪካውያን ልጆች እርስ በርሳቸው የተጋጠሙበት ጨዋታ ነው፤ ከዳር ቆሞ የሚመለከት የክለብ ሰው አንድም አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት የወሰደው ደላላ ስልክ ጠፋ። ልጁ ስምንት ሆነው በተከራዩት አንድ ክፍል እያደረ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ልብስ ሲተኩስ 14 ወር ቆየ። እኛ «የሰፈራችን ልጅ» እያልን በየስልካችን የተቀባበልነው፣ በቱታ ሆኖ በትልቅ ስታዲየም በር ላይ የተነሳው ፎቶ በዚያን ጊዜ የመጣ ነው። ቱታው የክፍል ጓደኛው ነበር፤ በዚያ በርም አንድ ቀን እንኳ ገብቶ አያውቅም። «ለምን ወዲያው አልተመለስክም?» ብዬ ስጠይቀው፣ «በምን ዓይኔ ላያችሁ?» አለኝ።

እስቲ ይህን መልስ ልብ ብላችሁ ስሙት። ደላላው ገንዘቡን ተቀብሎ ገና በሦስተኛው ሳምንት ጠፍቷል፤ ልጁን ከዚያ በኋላ በባዕድ አገር አስሮ ያቆየው የእኛ አፍ ነው። «እገሌ አልቀናውም»፣ «እንደ ሄደ መጣ»፣ «የእናቱን ላም በልቶ ቀረ» እያልን ቡና ላይ የምናወራውን እሱ ገና ሳይሄድ ስለ ሌሎች ስንናገረው ሰምቶታል፤ ተራው የእሱ ሲሆን ምን እንደምንል አያጣውም። ደላላውም አያጣውም። ልጁ አፍሮ እንደሚቀር፣ ቢመለስም ተታለልኩ ብሎ በአደባባይ እንደማይናገር፣ ስለዚህም በሚቀጥለው ዓመት ወደዚሁ ሰፈር መጥቶ ሌላ ልጅ ቢጠይቅ የሚከለክለው እንደማይኖር አሳምሮ ያውቃል። የእኛ ሐሜት ባይኖር ኖሮ የእሱ ሥራ አንድ ዓመት አይዘልቅም ነበር።

በዚህ አፋችን እውቆቹን እንኳ አልማርናቸውም። ጋቶች ፓኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ሄዶ ብዙ ሳይቆይ ሲመለስ፣ ሰውየው ሌላ ክለብ አግኝቶ መጫወቱን ቀጠለ፤ እኛ ግን የእግር ኳስ ሕይወቱ ያለቀ ያህል አወራን። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግቦች አስቆጥሮ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲዛወር መንገድ ለመንገድ የዘመርንለት ሰዎች፣ ጉዳት ደጋግሞ ከሜዳ ሲያርቀው «ጠፋ» ለማለት አንድ ዓመት አልፈጀብንም። የተጎዳ አካል በአገርም ቢሆን በውጭ የሚድነው በጊዜው ነው።

የውጭ አገር ኳስ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ደግሞ ከጅማ መውጣት አያስፈልገንም ነበር። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ሲያነሳ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ከናይጄሪያ የመጣው ኦኪኪ አፎላቢ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለእኛ «የውጭ ተጫዋች» ነው፤ ለቤተሰቡ ግን አገር ለቆ የሄደ ልጃቸው ነው። በዓመታት ውስጥ የእኛን ዝናብ፣ የለመዱት ያልሆነውን እንጀራችንን፣ አንድ ቃል የማይገባቸውን ኦሮምኛና አማርኛ ችለው ለዚህች ከተማ የተጫወቱ አፍሪካውያን እሱ ብቻ አይደሉም። ከእነርሱ አንዱ ግልጽ የግብ ዕድል ባመከነበት ቀን የወረደበትን ስድብ እዚህ ልደግመው አልችልም። ሰው ሲበተን ታኬታውን ሳያወልቅ ከሜዳው ዳር ተቀምጦ በአገሩ ቋንቋ በስልክ እየሳቀ ሲያወራ አየሁት፤ ስልኩን ሲዘጋ ሳቁ አብሮ ጠፋ። ቋንቋውን ባላውቅም ለቤቱ ሰዎች «ሁሉ ደህና ነው» እያለ እንደነበር አልጠፋኝም። የእኛም ልጅ ከኢስታንቡል ሲደውል እንደዚያ ነበር የሚስቀው።

መሐመድ ሳላህንና ሳዲዮ ማኔን እንደምትጠሩብኝ አውቃለሁ፤ ፎቷቸው በየፀጉር ቤቱ ተለጥፏል። እንግዲያው የመጡበትን መንገድ ተመልከቱ። ሳላህ ናግሪግ ከምትባል መንደር ካይሮ ወደሚገኘው አል ሞካውሉን ክለብ ልምምድ ለመሄድ በየቀኑ አውቶቡስ እየቀያየረ ሰዓታት ይጓዝ ነበር፤ በአገሩ ሊግ ከተጫወተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የስዊዘርላንዱ ባዝል ሲወስደው 20 ዓመቱ ነበር። ማኔም ከባምባሊ ወደ ዳካር መጥቶ ጄኔራሲዮን ፉት በተባለ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ አድጎ ነው እ.ኤ.አ. በ2011 በ19 ዓመቱ ወደ ፈረንሳዩ ሜትስ የተሻገረው፤ ማሠልጠኛውና ክለቡ የታወቀ ውል ነበራቸው። በባምባሊ ሆስፒታል ያሠራው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የእኛዎቹም ሳላዲን ሰኢድ ወደ ግብፅ፣ ወደ ቤልጅየምና ወደ አልጄሪያ፣ ጌታነህ ከበደ ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ፣ ሽመልስ በቀለ ወደ ግብፅ ሲሄዱ በአገር ውስጥ ክለብና በብሔራዊ ቡድን ታይተው፣ ፈላጊው ክለብ በስም ታውቆ ነው።

ሕጉን አላወቅንም የሚል ካለ ሕጉ ይኸው። በፊፋ የተጫዋቾች ዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 መሠረት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ 18 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ከአገር ወደ አገር አይዛወርም። ስለዚህ ታናሹን ልጅ እወስደዋለሁ የሚላችሁ ሰው ወይ ደንቡን አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻችኋል። በክለብ ተመዝግቦ የተጫወተ ልጅ ሲዛወር የእኛ ፌዴሬሽን ለተቀባዩ አገር ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፍኬት ይልካል፤ ያለዚያ ልጁ እዚያ አይመዘገብም። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወኪል የሚሆን ሰው የፊፋን ፈተና አልፎ ፈቃድ ይይዛል፤ ስሙም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ትክክለኛ ወኪል ድርሻውን የሚያገኘው ውሉ ተፈርሞ ክፍያ ሲጀመር ነው፤ ልጁ ከቤት ሳይወጣ ከእናት አንገት ወርቅ የሚያስፈታ ወኪል የለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት አይመስለኝም። ውል ያለው ተጫዋች በገንዘብ ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ልጃችን በከተማችን ክለብ ተመዝግቦ፣ ዓመቱ ተጽፎ ቢያድግና አንድ ቀን ቢሸጥ ለጅማ ሜዳ የሚደርስ ገንዘብ አለ ማለት ነው። በቱሪስት ቪዛ ሾልኮ የወጣ ልጅ ግን በየትኛውም መዝገብ የለም፤ ቢጠፋም የት ጠፋ ብሎ የሚፈልገው አካል አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከላይቤሪያ ተወስደው በላኦስ ስታዲየም ውስጥ መሬት ላይ ሲያድሩ የተገኙት ታዳጊዎችም እንዲህ ባለ የሐሰት ተስፋ የሄዱ ናቸው።

እናንተ አባቶች፣ የልጁን ዕድሜ ለማስተካከል ወደ ቀበሌ አትሂዱ። 16 ዓመት የሆነውን ልጅ በወረቀት 18 ስታደርጉት ሊጠብቀው የቆመውን ብቸኛ ሕግ በገዛ እጃችሁ እያነሳችሁበት ነው። እናንተ እናቶች፣ ከትምህርት ቤት አታስቀሩት፤ ውሉን ራሱ አንብቦ ይረዳው ዘንድ ፊደልና ቋንቋ ያስፈልገዋል። እናንተ የዕድር ዳኞች፣ የዕድር ገንዘብ ለቀብርና ለችግር የተጠራቀመ ነው፤ ለደላላ የሚከፈል ብድር ከዚያ አይወጣም።

ዛሬ በውጭ ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ፎቶ ብቻ የሚልክላችሁ ከሆነ ማታ ደውሉለትና የክለቡን ስም ጠይቁት። ካመነታ አትቆጡት። «ቤትህ አለ፣ አልጋህም እንደተነጠፈ ነው» በሉት፤ ወዲያው ባያምናችሁ በሌላም ማታ ድገሙለት።

የተዋጣው ገንዘብ እሑድ ከዕድሩ ስብሰባ በኋላ ለሰውየው እንደሚሰጥ ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት የክለብ ጥሪ ተብሎ የመጣውን ወረቀት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ይዛችሁልኝ ኑ፤ ሁለቱ ልጆችም ይምጡ። ከኢስታንቡል የተመለሰው ልጅ እዚያ ይኖራል፤ ለእሱም እንዲሁ ያለ ወረቀት ተሰጥቶት ስለነበር የቱ መስመር ላይ ምን እንደጎደለ እሱ ያሳያችኋል። ስትገቡ ነጠላችሁን አስተካክላችሁ ልበሱ፤ እንኳን ደህና መጣህም በሉት። ከመጣ ጀምሮ ይህን ያለው ሰው የለም።