ማስተካከያ፦ 63 ሴንቲ ሜትር ዙሪያው ነው

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ስለለካሁት ባህር ዛፍ ስጽፍ «የግንዱ ዲያሜትር 63 ሴንቲ ሜትር» ያልኩት ስህተት ነው። 63 የግንዱ ዙሪያ ነው፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ጠምጥሜ ያነበብኩትን እንዳለ አስገባሁት። ለ3.14 ሲካፈል ዲያሜትሩ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀላል አይምሰላችሁ፤ በስሌቱ ዲያሜትር በራሱ ስለሚባዛ የእንጨቱ ይዘት ወደ አሥር እጥፍ አብጦ ነበር። አጣና ነጋዴ ቢያነበው ይስቅብኝ ነበር።

ዲያሜትሩ «ደረት ላይ ይለካል» ማለቴም ጎደሎ ነው፤ የእኔና የረጅም ሰው ደረት አንድ አይደለም። ልኩ ከመሬት 1.3 ሜትር ነው፤ እንደ ጦሳ ባለ ተዳፋት ደግሞ ከዳገቱ ወገን ተቁሞ። ተቆርጦ ያቆጠቆጠ ባህር ዛፍ ከዚያ ከፍታ በታች ከተከፈለ እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ይለካል።

ይዘትንና ባዮማስንም አቀያይሬ ነበር። ይዘት እንጨቱ የሚይዘው ቦታ ነው፣ በሜትር ኩብ ይለካል፤ ባዮማስ ደግሞ የዛፉ አካል ውሃው ወጥቶ የሚመዝነው ደረቅ ክብደት ነው። የግንዱን ይዘት ወደ ክብደት ለመለወጥ የእንጨቱ እፍግታ (አንድ ሜትር ኩቡ ደርቆ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን) ያስፈልጋል፤ የጽድና የባህር ዛፍ ደግሞ ይለያያል። ቅርንጫፍና ቅጠል በዚህ ውስጥ የሉም፤ ለብቻቸው ይሰላሉ።