ይድረስ ለተኝተው ለማይተኙት፣ ለላፕቶፔ የእንቅልፍ ሁነታ ለክቡር «ስሊፕ»

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከባትሪዬ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላል ተረቱ። እርስዎ ግን ማንም ሳይቀሰቅስዎ ይነሳሉ። ማታ የላፕቶፑን ክዳን ስዘጋ ስክሪንዎን አጥፍተው፣ ድምፅዎን ውጠው፣ ጨዋ መስለው ይተኛሉ። እኔም አምኜ ቦርሳ ውስጥ እከትዎታለሁ። ጠዋት ዚፑን ስከፍት ግን የሚወጣው ሙቀት! እንኳን የተኛ፣ ሲሮጥ ያደረም እንዲህ አይግልም። ፋንዎ ይጮሃል። ባትሪው ቀይ ገብቷል።

ለመሆኑ ምን ሲሠሩ አደሩ? አፕዴት ሲያወርዱ? እኔ ተኝቼ እርስዎ ስለ ኢሜይሌ መጨነቅዎ ልብ ይነካል። ግን ማን ለመነዎት?

ቀደምዎን፣ የድሮውን የእንቅልፍ ሁነታ ኤስ3ን፣ ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። ሲተኙ ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፣ ዲስኩ ይቆማል፤ የተከፈተውን ሥራ የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ራሙ ብቻ፣ የያዘውን እንዳይረሳ ጥቂት ኃይል ይደርሰዋል። ጥፋታቸው ሲነቁ ጥቂት ሰከንድ መፍጀታቸው ነበር። ይቺን ሰከንድ ለማዳን ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር «ኮኔክትድ ስታንድባይ» መጣ። በ2015 ደግሞ ከዊንዶውስ 10 ጋር «ሞደርን ስታንድባይ» ተባለ። ሐሳቡ ላፕቶፑ እንደ ስልክ ይሁን ነው፤ ስክሪኑ ይጥፋ፣ የውስጥ ሥራው አይቋረጥ። ዛሬ ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ኤስ3 ጭራሽ የሉም። በጡረታ ተሸኝተዋል። ወንበሩን የያዙት እርስዎ ነዎት፣ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሌላው የእንቅልፍ ሁነታ፣ ወንድምዎ ሃይበርኔትስ? ምስኪን! ራም ላይ ያለውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ፣ ኃይሉን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ይተኛል። ባትሪው እስከ መጨረሻው ቢያልቅ እንኳ የከፈትኩት ፋይል የትም አይሄድም። እውነት ነው፣ ሲነሳ ከእርስዎ ይዘገያል። ዲስክ ላይም ጊጋባይቶች ይወስዳል። ግን ሲተኛ ይተኛል! እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ታዲያ የት ነው የደበቁት? ብዙ ዊንዶውስ ላይ ከስታርት ሜኑው አይገኝም። ኮንትሮል ፓነል መግባት፣ ፓወር ኦፕሽንስ መክፈት፣ የፓወር በተኑን ሥራ የሚወስነውን ገጽ መፈለግ፣ እዚያም የተቆለፈውን ምርጫ ከፍቶ ራይት ማድረግ ያስፈልጋል። እስረኛ መጠየቅ ከዚህ ይቀላል።

ደግሞ አይካዱ። ዊንዶውስ «ስሊፕ ስተዲ» የሚባል ሪፖርት አለው። ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ ምን ያህል ባትሪ እንደበሉ፣ የትኛው ፕሮግራም ወይም ዕቃ ሥራ እንዳስያዘዎት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አንብቤዋለሁ። ያልተሳተፈ የለም።

በደል እንዳይሆንብኝ፣ ለአጭር ዕረፍት እርስዎን የሚተካ የለም። ስልክ አንስቼ ስመለስ ሁሉ ነገር ባለበት ይጠብቀኛል። እሱን ሥራ ይቀጥሉበት። ክዳን ሲዘጋ ግን ከዛሬ ጀምሮ ተረኛው ሃይበርኔት ነው፤ ሴቲንጉን ቀይሬያለሁ።

ቅሬታ ካለዎት በኢሜይል ይላኩልኝ። ሌሊት ሌሊት ይመችዎታል።

ዘወትር ሶኬት ፈላጊው፣
ባለ ላፕቶፑ