«ስታንዳርድ» የሚለው ልክ ብቻውን አይበቃም

ወንድሜ፣ ስለ ጀልባ ሞተርህ «ክራንክሻፍቱ ስታንዳርድ ስለሆነ የፋብሪካው ቤሪንግ በቀጥታ ይገባለታል» ብለሃል። ክራንክሻፍት የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ ነው፤ ቤሪንግ ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ስስ ቅርፊት፤ ስታንዳርድ ማለት ደግሞ ያልተሞረደ የፋብሪካ ልክ። ብዙ ሰው የሚለው ነው፤ ግን ሁልጊዜ አይሠራም። ዲያሜትሩ ተመሳሳይ ቢሆንም የጥጉ ቅርጽ ይለያያል። ከሌላ አምራች የሚመጡ ጠንካራ ክራንክሻፍቶች፣ ቤሪንጉ የሚያርፍበት ክብ ከጎኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብዙ ጊዜ ሰፋ ያለ ቅስት አላቸው። እዚያ ስንጥቅ እንዳይጀምር ነው። ተራው ቤሪንግ ቅስቱ ላይ ከወጣ ጠርዙ ይፋተጋል፤ ከዚያ ሞተሩን ደህና ሰንብት በለው! ጠርዙ በሰያፍ የተላገ ቤሪንግ ፈልግ።

የዘይት ክፍተቱንም፣ ማለትም በዘንጉና በቤሪንጉ መካከል ዘይት የሚያልፍበትን ስስ ቦታ፣ ራስህ ለካ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አትመን። ለእያንዳንዱ ኢንች የዘንግ ዲያሜትር 0.001 ኢንች ገደማ የተለመደ መነሻ ነው። የጀልባ ሞተር እንደ መኪና ቁልቁለት ላይ አያርፍም፤ ለረጅም ሰዓት ጭነት ላይ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ክፍተቱን ትንሽ ያሰፉታል፣ የዘይት ፓምፑ ለሰፋው ክፍተት በቂ ዘይት ማቅረብ ከቻለ።